የኢቫ ጂን ጠብ

ሃርላን የአባቱን የእንጨት ወፍ መጥሪያ እየፈገፈገ፣ በሴት ወፍ ድምፅ ተርኪ የሚባለውን ዶሮ መሰል ትልቅ የዱር ወፍ፣ አውራውን፣ ሲለማመጥ ነጋበት። አውራው ከአላባማ ጥዶች ውስጥ ይመልስለታል እንጂ ንቅንቅ አላለም፤ አጠገቡ ሚስት አለችዋ!

"አንተ ባልየውን ስትለማመጥ አነጋህ" አለች ባለቤቱ ኢቫ ጂን፣ የተርኪ ድምፅ የምታወጣበትን የላስቲክ ፊሽካ አፏ ውስጥ ላንቃዋ ላይ እየለጠፈች። "እኔ ሚስቲቱን ነው የማናድዳት።"

ሴቷ ተርኪ ገና መጮህ ስትጀምር ኢቫ ጂን ሳታስጨርሳት በላይ በላይዋ ጮኸችባት። ሴቷ ጩኸቷን ከፍ ስታደርግ ኢቫ ጂን ብሳ ተገኘች። ሃርላን ሳቁ እንዳያመልጠው ባርኔጣውን ነከሰ።

ወዲያው ሴቷ ላባዋን አንጨፍርራ ቅጠሉን እየረገጠች ከተፍ አለች፤ "የታለች ያቺ ባለጌ?" የምትል ነው የምትመስለው። አውራው ጭራውን ነፍቶ ከኋላዋ ይከተላል። ሃርላን ጠመንጃውን ሊያነሳ ሲል ኢቫ ጂን ክንዱን ያዘችው።

"ቆይ እንጂ! ገና መች ጨረስኩ!" አለችው በሹክሹክታ።

ሁለቱ ሴቶች፣ ኢቫ ጂንና ወፏ፣ ጩኸቱን ተያያዙት። አውራው ቀስ ብሎ ጭራውን አጠፈና ራቅ ብሎ ቆመ። ሃርላን ያን አቋቋም ያውቀዋል። እሁድ እሁድ ኢቫ ጂን ከፓስተሩ ሚስት ጋር ስትነታረክ፣ እሱም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መሬት መሬቱን እያየ የሚቆመው ልክ እንደዚያ ነው።

ጠመንጃውን አስቀመጠና ለአውራው ባርኔጣውን አነሳለት።

"አይዞህ ወንድሜ።"