ለካይሳ የሚቀመጠው ሳህን

ኦርኔላ ጡረታ ለመውጣት የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእሷ ወንበር የሚቀመጥ ሰው። ጣሊያን ውስጥ ማንቶቫ ከተማ አጠገብ ባለችው ትንሽ የውኃ ፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ስትቀበል፣ ደንበኛ ስታባብል፣ ከባለቤቱ ከሲኞር ጓልቲዬሮ ጋር ስትጨቃጨቅ ኖራለች። አሁን ከባሕር ማዶ ካሊያሪ ከተማ ያለችው ልጇ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ኦርኔላ ደግሞ የመጀመሪያ የልጅ ልጇን በስልክ ሳይሆን በክንዷ አቅፋ ነው መቀበል የምትፈልገው። ይህን ያልነገረችው ሰው የለም። ዳቦ ቤቱም፣ ፋርማሲውም፣ ቄሱም ያውቃሉ።

ተተኪ ሆና የመጣችው ካይሳ የምትባል የኢስቶኒያ ልጅ ናት። ሥራዋ እንከን አይወጣለትም። ስንት ወር የተከመረ ወረቀት በሦስት ሳምንት መልክ አስያዘችው። ችግሩ ሌላ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የቶርኖ ሠራተኛው ኢቫኖ የቢሮውን መስታወት በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ያኔ የፋብሪካው ዐሥራ አንድ ሰው በሙሉ እጁን ታጥቦ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ኢኔስ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ይገባል። ካይሳ ግን ከቦርሳዋ ጥቁር ዳቦና አይብ አውጥታ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። እየበላች የድሮ ፋይል ታነባለች።

ጉድ እኮ ነው! ሰው ምሳውን ከወረቀት ጋር ይበላል? በመጀመሪያው ሳምንት አፍራ ነው አሉ። በሁለተኛው ሆዷን አሟት ይሆናል አሉ። በሦስተኛው ላይ ኢቫኖ፣ ግድ የለም፣ የእኛ እጅ ዘይት ዘይት ሸቷት ነው ብሎ ፈረደባት። ከዚያ ወዲያ ከኩራት በቀር ሌላ ምክንያት የሚፈልግላት ጠፋ።

የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዓርብ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሲኞር ጓልቲዬሮ ኦርኔላን ጠርቶ ቁርጡን ነገራት። ሥራዋን አልጠላሁትም፤ ግን አብራን በልታ ለማታውቅ ሰው የቤቴን ቁልፍ አልሰጥም፤ ከነሐሴው ዕረፍት በኋላ ሌላ እንፈልጋለን፤ እስከዚያ አንቺው ትቆያለሽ አላት። ኦርኔላ በጣቷ ቆጠረች። ሌላ ሰው ተገኝቶ፣ ሥራ ለምዶ፣ እሷ ካሊያሪ እስክትደርስ ድረስ ሕፃኑ ተወልዶ መሳቅ ጀምሮ ይጠብቃታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

በማግስቱ ጠዋት የቢሮውን በር ዘጋችና ካይሳ ፊት ለፊት ቆመች።

«ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ምን በደልንሽ?»

ካይሳ ደነገጠች። «እናንተ? ምንም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ከእኛ ጋር የማትበዪው?»

የልጅቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። «ማንም አልጠራኝም እኮ፣ ሲኞራ ኦርኔላ።»

ኦርኔላ አፏን ያዘች። ለምሳ የሚጠራ እንግዳ ነው፤ የቤት ሰውን ማን ይጠራዋል? የኢቫኖ ጣት መስታወቱን ሲመታ ለሁሉም ነው የሚመታው! ካይሳ ግን ያደገችው ሳይጋበዙ ማዕድ በማይቀረብበት ቤት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዳትባል ፈራች። ደግሞም ምሳ ሰዓቴን ሠውቼ ስሠራ ቢያዩኝ ይወዱኛል ብላ ነበር፤ ምስኪን።

«አንቺ ሞኝ» አለቻት ኦርኔላ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። «ኢኔስ እኮ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ ሳህንሽን ታስቀምጣለች። በየቀኑ ንጹሑን ሳህን መልሳ ታነሳዋለች። ትናንትማ ምግቤን ናቀችው ብላ ተቀየመችሽ።»

ካይሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለማወቅ ያስቸግር ነበር።

በዚያን ቀን ኢቫኖ መስታወቱን ሲመታ ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት። ኢኔስ ስታያት በቋሊማ የተሠራውን ሩዝ ሳህኑ እስኪሞላ ጨለፈችላት፤ ገና ግማሽ ሳትደርስ ደገመችላት። ቂም የተባለው ነገር እዚያው ላይ አለቀ። ሌላው መከራ ግን አሁን ጀመረ። ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል። ካይሳ ለመናገር አንዱ እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ የሚጨርስ ግን የለም። ሲኞር ጓልቲዬሮ በጎን ይመለከታታል፤ ኦርኔላ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ትነካካታለች። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እዚህ ማዕድ ላይ አይሠራም።

መቼም ሲኞር ጓልቲዬሮ ሳይተርብ ምግብ አይወርድለትም። ያመለጠውን የባቫሪያ ደንበኛ ታሪክ አነሳ። ይህን ተረብ ኦርኔላ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ዛሬ ግን እንዳይከፋው ብላ ዋጥ አደረገችው።

«ኦርኔላ ውሉን ጠረጴዛዋ ላይ ባታስተኛው ኖሮ…» ሲል፣

«አላስተኛችውም» አለች ካይሳ።

ሹካዎቹ ቆሙ። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊቀጥል ሲል እሷም ከፍ አደረገች።

«ውሉ በመጣ በማግስቱ ነው ያቀረበችልዎ፤ ቀኑ ተጽፎበታል። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ዐሥራ ሰባት ቀን ከርሞ ነው የተፈረመው። ፋይሉን ምሳዬን ስበላ አንብቤዋለሁ።»

«እየተናገርኩ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«እኔም እየተናገርኩ ነው።»

ኦርኔላ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀልኝ፣ ካሊያሪም ቀረች አለች በልቧ። ስትከፍተው ሲኞር ጓልቲዬሮ ፊቱ በርበሬ መስሎ በሳቅ ትን ብሎታል። ኢቫኖ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ዐሥራ ሰባት ቀን እያሉ ሁሉም ተረባረቡበት። ሰውየው ሊከላከል አፉን በከፈተ ቁጥር አንዱ ያቋርጠዋል፤ ከሁሉም የባሰችው ካይሳ ነበረች፤ ሹካዋን እያወዛወዘች መውጫ አሳጣችው። በመጨረሻ ሲኞር ጓልቲዬሮ የሳቅ እንባውን ጠርጎ በገዛ እጁ ለካይሳ ወይን ቀዳላት። ከዚያ ወደ ኦርኔላ ዞረ።

«ልጅሽ መቼ ነው የምትወልደው?»

«መቶ ጊዜ ነግሬዎት የለም እንዴ? ሁለት ሳምንት ቀርቷታል።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኔን የሚያቋርጠኝ ሰው እንደሆነ አግኝቻለሁ። ሂጂ፣ ልጅሽ ጋ ሂጂ።»

ኦርኔላ አፏን ከፈተች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ ታግሣ የማታውቀው ኦርኔላ፣ የምትለው ጠፋት። ካይሳ እጇን ያዘቻት። ዐሥራ አንዱም ሰው፣ ሲኞር ጓልቲዬሮም ሳይቀር፣ እሷ እስክትናገር ድረስ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ጠበቃት።