ለምን ትለቂያለሽ?

«ጋሼ ለእኔ እንደ አባቴ ነበሩ» አለች ጠበቃዋ ለመስተዋቱ። አልጣማትም። «ለእኔ» ላይ ትንፋሽ ወስዳ ደገመችው።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሞቱት አለቃዋ ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ሰው ሲያጽናናት ውሎ፣ ራሴን አመመኝ ብላ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገባች። ራሷን ግን አላመማትም። ነገ ሌላ የጥብቅና ቢሮ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ትቀርባለች። ማመልከቻውን ያስገባችው እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው፣ ደንበኛው ሁሉ ሸሽቶ፣ ቢሮው ጭር ባለበት ሰሞን ነው። «ለምን ትለቂያለሽ?» ቢሏት የምትመልሰው ጠፍቷት ከረመች። አረጁ አይባል፣ አቃታቸው አይባል። ሞታቸውን ስትሰማ ከልቧ አለቀሰች። እንባዋ ሳይደርቅ ግን መልሱ ተገኘ ብላ አሰበች። አፈረች፤ እያፈረችም ትለማመደዋለች።

በሩ አጠገብ ጥቁር የችሎት ካባቸው ተሰቅሏል። መጀመሪያ ችሎት የቆመች ቀን አፏ ተሳስሮ ነበር። ያኔ እሳቸው የያዙትን ወረቀት ሆን ብለው ወለሉ ላይ በተኑና እያጉረመረሙ ይለቅሙ ጀመር። ዳኛው ተቆጧቸው፣ ሰው ሳቀባቸው፣ በዚያ መሃል የእሷ ምላስ ተፈታ። ሲወጡ «ጉልበቴን ጨረሽው እኮ» ብቻ ነው ያሏት።

ዓይኗን ከካባው አሸሸች። «እንደ አባቴ ነበሩ። ያለ እሳቸው እዚያ ቢሮ መግባት አልቻልኩም።» አሁን ድምፅዋ በሚፈለገው ቦታ ተሰበረ።

ከኋላዋ ሲቃ ተሰማ። የሟች ባለቤት በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ብቻሽን ነው የምታለቅሺው?» አሉና አቀፏት። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሕመማቸው እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ቃል የወጣለት ሰው እንደሌለ ነገሯት። «ነይ፣ ለሰዉም ንገሪልኝ።»

እምቢ ትበል በምን አፏ። እጇን ይዘው ሳሎን አወጧት። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መሃል ነገ የሚጠይቃት የቢሮ ኃላፊ ተቀምጧል። ሌላ ቃል ፈለገች፤ አልመጣላትም። የተለማመደችውን እንዳለ ተናገረች፣ ትንፋሹም ሳይቀር። ሴቶቹ አነቡ፤ ሰውየው መሐረብ አወጣ። ሲሰናበት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ለምን ትለቂያለሽ ልልሽ ነበር። አሁን አያስፈልግም፤ ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

«ምን አለሽ?» አሉ የሟች ባለቤት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ነው ያለኝ።»

«አሜን» አሉላትና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጠበቃዋ ቀስ ብላ አወጣችውና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።