ቀይ የመሰለው ቢጫ ዋግ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ በተወጠረው ነጭ አቡጀዲ ላይ የሚታየው የስንዴ ቅጠል ቡናማ ቀይ ነበር። ጥቁር መሆን የነበረበት የምስሉ ዳር አመድ መስሏል። በቅጠሉ ላይ በመስመር የሚሰለፉት የዋግ በሽታ ነጠብጣቦች ተደባልቀው አንድ ወጥ እድፍ ሆነዋል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ዘጠና ላይ ተደርጓል፤ መስኮቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍነዋል። ሠላሳ ስምንት ገበሬ ተቀምጧል።

ነሐሴ ሃያ አንድ፣ ማርያም ናት። በሬ የሚጠምድም አረም የሚነቅልም ስለሌለ፣ በማንኩሳ ዙሪያ ሥልጠና የሚጠራው እንዲህ ባለው በዓል ነው።

ከፍኖተ ሰላም የመጣችው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ፋናዬ፣ "ቢጫ ዋግ ማለት ይኼ ነው" ብላ አፏን ሳትገጥም ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። አያ አለበል ናቸው።

"ተመስገን!" አሉ። "የኔ ስንዴ የያዘው ቢጫ ነው፣ ይኼ ቀይ ነው። እንግዲያ የኔው ዋግ አይደለም፤ ርቦት ነው። ነገ ማልጄ ዩሪያውን እበትንለታለሁ። ከረጢቱንም ትናንት ፈትቼዋለሁ።"

"እኔስ ምን አልሁህ?" አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው ቢሆነኝ። "ስንዴውን በረሃብ ፈጅቶ፣ በሽታ ገባብኝ እያለ አገር ያስለቅሳል!"

አዳራሹ ሳቀ። ፋናዬ አልሳቀችም። ዋግ የያዘው ስንዴ ዩሪያ ሲያገኝ ቅጠሉ ይለመልማል፤ ዋጉም የሚወደው የለመለመውን ነው። የአያ አለበል ማሳ በእርግጥ ዋግ ይዞት ከሆነ፣ ነገ የሚበተነው ማዳበሪያ ለበሽታው ቀለብ መስፈር ነው።

"አያ አለበል፣ ቅጠሉን ሲነኩት ዱቄት እጅዎ ላይ ይቀራል?"

"በዝናብ ነው ያየሁት፣ ልጄ። ዝናብ ምን ያስቀራል?"

ፋናዬ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች። ውስጡ ከትናንት በስቲያ በቡሬ መንገድ ከአንድ ማሳ የቆረጠችው፣ ዋግ የያዘው ቅጠል አለ። በሩን ገርበብ አድርጋ በፀሐዩ ብርሃን አየችው፤ እንደ እርድ ቢጫ ነው። ዞራ አቡጀዲውን አየች።

"የተሳሳተው ምስሉ ነው" አለች። "ታደለ፣ ሪሞቱን አቀብለኝ።"

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ታደለ ሪሞቱን ይዞ አመነታ። "ፕሮጀክተሩ አርጅቶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ያንን ቅጠል አዙሪላቸውና እንቀጥል።"

"ሦስት እጅ ከነካው ዱቄቱ ይረግፋል። አራተኛው ሰው የሚያየው ባዶ ቅጠል ነው።"

ሪሞቱን ተቀብላ፣ አንድም ነገር ሳትነካ የነበረውን ቁጥር ሁሉ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

"ደግሞ ምን ትጽፊያለሽ?" አለ ታደለ።

"ብሳሳት የምመለስበትን።"

ከኮምፒውተሯ ከጥቁር እስከ ነጭ የተደረደሩ አሥራ አንድ ቋሚ መስመሮች አወጣች። "ስንት ይታያችኋል?"

"ሰባት!" አሉ ከፊት ያሉት። ወደ ነጩ ያሉት አምስቱ በብርሃኑ ብዛት አንድ ላይ ቀልጠዋል። ብርሃኑን ከዘጠና ወደ አምሳ አወረደችው። አሥራ አንዱም ተለዩ፤ ጥቁሩ ግን አሁንም አመድ ነው። ወደ ምስል ግብዓቱ ማስተካከያ ገባች። ኮምፒውተሩ ጥቁር ብሎ የሚልከው ቁጥር አሥራ ስድስትን ነው፤ ፕሮጀክተሩ ጥቁር የሚለው ደግሞ ዜሮን።

"አንዱ በሰፈረበት ቁና ሌላው አልተቀበለም" አለች ወደ ገበሬዎቹ ዞራ።

"በሁለት ቁና የተሰፈረ እህል በዪና!" አሉ ቢሆነኝ። "እሱንማ ከገበያ እናውቀዋለን።"

የግብዓቱን ደረጃ ስታስተካክል አመዱ ጠቆረ። ቀጥላ ባዶ ነጭ ገጽ አወጣችና አንድ ነጭ ወረቀት በበሩ ክፍተት ብርሃን ላይ ያዘች። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ አቡጀዲው ሮዝ። የቀለሙን ዝርዝር ወደ ታች ስታወርድ "የግድግዳ ቀለም" የሚለው ላይ ደረሰች። አረንጓዴ ሰሌዳ ተመርጧል።

ታደለ ማጅራቱን አከከ። "ባለፈው ወር ትምህርት ቤት ስናሳይ ሰሌዳው ላይ ነበር። እኔው ነኝ የመረጥሁት።"

"እዚያ ልክ ነበርህ። አረንጓዴውን እንዲያሸንፍ ቀይ ይጨምራል። ነጭ ጨርቅ ላይ ግን የሚያሸንፈው የለም፤ ቀዩ ብቻውን ይቀራል።"

"ነጭ" የሚለውን መርጣ ቅጠሉን መለሰችው።

ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ዋጉ ቢጫ ሆኗል፤ ነጠብጣቦቹም አንድ በአንድ ተለይተው በቀጭን መስመር ተሰልፈዋል። ፋናዬ የቆረጠችውን ቅጠል በበሩ ብርሃን ይዛ አስተያየችው፤ ያው ቀለም ነው።

አያ አለበል ከረድፋቸው ወጥተው ወደ አቡጀዲው ቀረቡ። ጥላቸው ምስሉን ግማሽ ጋረደው። መስመሮቹን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉ።

"ይኼማ የኔው ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ቢሆነኝም ተነሥተው ወደ ምስሉ ቀረቡ።

"ዓይተን እንወስን" አለች ፋናዬ። "ማሳ ቆሞ ማየት በዓል አይሽርም።"

ከቀትር በኋላ ፋናዬ፣ ታደለና አያ አለበል የሽማግሌውን ማሳ ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጠው መቶ ቅጠል መረመሩ። በአሥራ አራቱ ላይ መስመር ሠርቶ የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ነበር። ታደለ ለነገ ማለዳ መርጫውንና የዋጉን መድኃኒት ሊያመጣ ቃል ገባ። አያ አለበል ወደ ቤት ገቡ፤ ወስፌና ሲባጎ ይዘው ወጡና የተፈታውን የዩሪያ ከረጢት አፍ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መልሰው ሰፉት።

መድኃኒቱ ነሐሴ ሃያ ሁለት ተረጨ። መስከረም ሁለት ቀን፣ ከርጭቱ በኋላ ከወጡት ቅጠሎች መቶው ሲመረመር ዋግ የተገኘው በሁለቱ ላይ ነበር።