የጡብ ሠሪዎቹ አግዳሚ ወንበሮች

ከተማችን ዌልተን ውስጥ ጡብ ሠሪዎቹ የሚባል የቤዝቦል ቡድን እንደነበረ ልጆቼ እንኳን አያውቁም። እኔ ግን እንዴት ልርሳው? የሜዳው ጠባቂ አባቴ ማቱሽ ነበር። ሣሩን የሚያጭደው፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው፣ የተመልካቹን ወንበር ቀብቶ ቁጥር የሚጽፍበት እሱ ነው። አንድ ሌሊት ቦታው ከነጣሪያው ከነወንበሩ ነደደ። የቡድኑ ባለቤት ሽማግሌው ሃርገን፣ "ማቱሽ ፒፓውን ሳያጠፋ ጥሎ ነው" ብሎ የኢንሹራንሱን ገንዘብ ተቀበለ፤ ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስሙ "አቃጣዩ" ነበር።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳው ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ላቁም አለ። ጽሑፉን ያወጣው የሽማግሌው ልጅ ኤልውድ ሃርገን ነው፦ "በሜዳ ጠባቂው ቸልተኝነት ተቃጥሎ ቡድኑ ፈረሰ።" ነሐስ ላይ! እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም ብዬ የቡድኑን ታሪክ ልጠይቅ ተነሳሁ።

ማን ያናግረኝ? ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ "አባትሽ አቃጠለው። ሌላ ምን ታሪክ አለው?" አለኝ። አንድም ጨዋታ አምልጧቸው የማያውቅ እትዬ ቨርና ደግሞ በሩን በሰንሰለቱ ገርበብ አድርገው፣ "አሥራ ሰባት ቁጥር ወንበሬን አመድ ያደረገ ሰው ልጅ ደጄ ምን ትሠራለች? ሂጂልኝ!" አሉ።

ልጄም፣ "እማዬ ተዪው፣ ሰው ረስቶታል" ይለኛል።

"ረስቶት ነው ነሐስ ላይ የሚጽፈው?" አልኩት።

በዚሁ መሃል አባ ዶሚኒክ ሰሌዳው ለሚመረቅበት ለዓመቱ የሜዳ ግብዣ የቤተክርስቲያኑን ወንበሮች ቀቢ አሉኝ። ከቃጠሎው ሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው ሃርገን አሠርቼ ነው ብሎ የሰጠን ወንበሮች ናቸው። አርባ ዓመት እነሱ ላይ እየበላን ለነፍሱ ጸልየናል። አረንጓዴውን ቀለም ስፍቀው ከሥሩ ነጭ ወጣ፤ ነጩ ላይ ጥቁር ቁጥር። ሃያ ሰባት። ሰባቷ ወገቧ ላይ መስመር ተሰምሮባታል። እኛ ከአውሮፓ የመጣን ስሎቫኮች እንደዛ ነው የምንጽፋት፤ እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ከአባቴ ሌላ ቁጥር የጻፈ የለም። እሳቱ እንደሚነሳ አውቆ አስቀድሞ ያወጣቸው ሰው አለ ማለት ነው! አማተብኩና ቀጣዩን መፋቅ ጀመርኩ።

ኤልውድ ቤት ሄድኩ።

"ወንበሮቹን አባትዎ ከየት አመጧቸው?"

"አሠርተው ነዋ፣ በገዛ እንጨታቸው።"

"በአባቴ እጅ ቁጥር አስጽፈው?"

ሳቀ። "ስሚ፣ የአቃጣይ ልጅ። የቤተክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ ማነው ያሳደሰው? አርፈሽ ቀለምሽን ቀቢ።"

"ሽበትህን አክብሬ ነበር እርስዎ የምልህ" አልኩት። "ከዛሬ ጀምሮ ቀረብህ።"

አባ ዶሚኒክ ወሬው ደርሷቸው መጡ። "ሉድሚላ ልጄ፣ ጌታ ይቅር በሉ ብሏል።"

"እላለሁ አባ። ውሸቱን ነሐስ ላይ ጻፉት ግን አላለም።"

የግብዣው ቀን ወንበሮቹን ሳልቀባ፣ እንደተፋቁ፣ በየቁጥራቸው ከተሸፈነው ሰሌዳ ፊት ደረደርኳቸው። ሰው ሳህኑን ይዞ ቆመ እንጂ የተቀመጠ የለም።

"ምንድነው ይሄ ቆሻሻ?" ብሎ ጮኸ ኤልውድ። "ቀለሙስ?"

እትዬ ቨርና በምርኩዛቸው መጡ። ጎንበስ ብለው እያነበቡ ሄዱ፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት ላይ ቆሙ። የሰባቷን መስመር በጣታቸው ዳሰሱና ተቀመጡ። ከዚያ በዚያ ዳኛ በሚሰድቡበት ድምፃቸው፦

"ኤልውድ! ወንበሬ ተቃጠለ አላላችሁም?"

"ቢመስልዎት ነው እንጂ..."

"ቂጤ ያውቀዋል!" አሉ፤ ይቅር ይበለኝ፣ ያሉት እንደዛ ነው።

ማንም አልሳቀም። ሰዉ አንድ በአንድ የራሱን፣ የእናት የአባቱን ቁጥር እየፈለገ ተቀመጠ። ኤልውድ መሃላቸው ቆሞ ቀረ፤ ጠጋ ያለለት የለም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሰሌዳውን ጨርቁን እንኳን ሳይገልጡ መኪናቸው ላይ መልሰው ጫኑት።

ሳልፍ እትዬ ቨርና እጅጌዬን ያዙኝ። ይቅርታ ሊሉኝ መስሎኝ ቆምኩ።

"አባትሽ ይቺን ምስማር በደንብ አልመታትም ነበር" አሉ። "አሁንም ትወጋኛለች።"

"ትውጋዎት!" ብያቸው የግብዣውን ጎመን ላወጣ ሄድኩ።