ለአራት በር አንድ ዘበኛ

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ መነኻሪያ ውስጥ ማይክሮፎን ይዞ የሚነሣውንና የሚገባውን መኪና ሲያስታውቅ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ማይክሮፎኑን አስረከበ እንጂ ወሬውን አላስረከበም። «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ሰዓቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደጠገነው፣ የጠገነውም ሰው ከሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ ሰምቶ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያውቅ ይሄዳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማጥፊያህ የት ጋ ነው?» ትለው ነበር።

ማጥፊያው ተገኘ። ጡንቻ እያሰነፈ የሚሄድ በሽታ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ እጁን፣ በኋላም ምላሱን ያዘው። ሐኪሙ ሁለቱን ልጆቹን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ «ዓይኑ ገና ይንቀሳቀሳል። እሱም ግን ሁለት ወር ቢቆይ ነው። አእምሮው ለጊዜው ደህና ነው፤ አንዳንዱን ሰው ግን እዚያም ይደርሳል» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት ልጁ ቀን መቁጠር ያዘች። አባቷ የሚለው ነገር ካለው በነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ነው የሚለው፤ ከዚያ ወዲያ ቢፈልግም አይችልም።

ልጅቱ ሥራዋ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መንደፍ ነው። የምትሠራበት ዎርክሾፕ ለፋብሪካ ማሽኖች የዩኤስቢ ሃብ ያመርታል፤ አንዷን የኮምፒውተር ቀዳዳ አራት አድርጎ የሚያከፋፍል ሰሌዳ ማለት ነው። መሐል ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቺፕ ተቀምጣ፣ ማን መቼ እንደሚናገርና ማን ኃይል እንደሚያገኝ ትወስናለች።

አባቷ አልጋ አጠገብ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ደህና ቀዳዳ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። የሚሰካው ግን አራት ነው፦ ዓይን የሚከታተል ካሜራ፣ ዓይኑ ላይ የሚያበራ ትንሽ መብራት፣ ስፒከርና የመጥሪያ ደወል። አባትየው ስክሪኑ ላይ ፊደሉን በዓይኑ እየለቀመ ይጽፋል፤ ሲጨርስ «ተናገር» የሚለውን ሳጥን ትኩር ብሎ ሲያይ ስፒከሩ ያነብለታል። ሃብ ከሱቅ መግዛት ይቻል ነበር። ግን ሃብ የምትነድፍ ልጅ እያለችው ከሱቅ ተገዛለት ከሚባል አፈር ይብላኝ ብላ ራሷ ነደፈችለት።

ቸኩላም ነበር። ደንቡ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የየራሱ ጠባቂ ማድረግ ነው፤ ጠባቂው ችግር ያየ ዕለት ያንን ቀዳዳ ብቻ ይዘጋል። እሷ ቦታም ጊዜም ቆጥባ ለአራቱም አንድ አደረገች። አለቃዋ ሥዕሉን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየውና፣

«ለአራት በር አንድ ዘበኛ ቀጠርሽ?» አላት።

«ይበቃል፣ አለቃ።»

«አንዱ ጋ ሌባ መጣ ብሎ አራቱንም ይዘጋብሻል እኮ።»

«የአባባ ክፍል ውስጥ ምን ሌባ አለ ብለው ነው?»

ሃቡ ዎርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሰዓት ሠራ። ቤት ወስዳ የሰካችው ዕለት የሬዲዮ የመጀመሪያ ቃል፣ በማያውቁት ሰው ድምፅ፣ «ተባረኪ» የሚል ነበር። ታላቅ ወንድሟ እንኳ፣ ለማንም ፊት የማይሰጠው ሰው፣ አፍንጫውን ጠረገ።

አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ መንገዱንና አውቶቡስ ፌርማታውን እንዲያይ። የኤሌክትሪኩ ሶኬት ግን በሩ ጋ ስለነበር፣ ለሃቡ ኃይል ከሚሰጠው ቻርጀር እስከ ሃቡ አምስት ሜትር ቀጭን ገመድ ዘረጋች። ሰሌዳው ላይ አልፎ አልፎ ብልጭ የምትለው ቀይ መብራትም ዓይኑን እንዳትረብሸው ብላ ጥቁር ፕላስተር ለጠፈችባት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሬዲዮ ብዙ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት ዓይኑ ሲሠራ ይቆይና ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ልጆቹ ራሱ ያጠፋው መሰላቸው። በሁለተኛው ሳምንት አሳጠረ። በሦስተኛው፣ «ውሃ»፣ «አዎ»፣ «ትራስ» ብቻ ቀረ።

«ይኸው» አለ ወንድሟ፣ «ሐኪሙ ያለው ደረሰ። አእምሮው ሄዷል።»

«ደክሞት ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ።»

«አባታችን? ሰዓት ሲጠየቅ አንድ ቃል የሚመልስ ሰው ነበር? ተይኝ እስቲ።»

ይህን የሚለው አልጋው አጠገብ ቆሞ ነው። አእምሮው የሄደ ሰው ፊት ደግሞ ምን ይደበቃል? እዚያው ራስጌው ላይ የሚቀበርበትን ሱፍ መረጡ። ወንድምየው ቡኒውንና ጥቁሩን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ተራ በተራ በአባቱ ላይ እያነጠፈ ለካ።

«ጥቁሩ ነው የሚያምርበት።»

«ጥቁሩ ይሁን» አለች። እሷም ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ ይህን በኋላ ለራሷ መካድ አልቻለችም።

እንዲህ ሆኖ አምስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ከሰዓት ፂሙን ላጭታው ስታበቃ ፎጣውን እንደያዘች ከስክሪኑ ጎን ተቀመጠች። ዓይኑ ሲንቀሳቀስ አየች። ፊደል በፊደል «ጥቁሩ ሱፍ» የሚል ተጻፈ። ፎጣው ከእጇ ወደቀ። ጽሑፉ ረዘመ፣ ዓይኑ ወደ «ተናገር» ሄደ፣ ስፒከሩም «ጥቁሩ ሱ» ብሎ ቀጥ አለ። የካሜራው መብራት ጠፋ። ካፍታ በኋላ ሁሉም ተመልሶ በራ፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ነበር።

አባትየው በረጅሙ ተነፈሰና እንደገና ጻፈ። «ውሃ።» ስፒከሩ በደንብ አነበበለት።

ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው። ቀይዋ መብራት፣ ዘበኛው በር ሲዘጋ የምትበራው፣ ብልጭ ድርግም ትል ነበር። ስንት ቀን እንዲህ ስትጣራ እንደኖረች እግዜር ይወቀው።

ቺፕዋን ጠረጠረች፣ ካሜራውን ቀየረች፣ ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሣች። ምንም የለም። ወደ አለቃዋ ደወለች።

«ሲያጥር ይሠራል፣ ሲረዝም ይቆረጣል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

«ገመድሽ ስንት ሜትር ነው?»

በዓይኗ ገመዱን እስከ በሩ ተከተለችው።

«ጠረጴዛዬ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው፣ ልጄ» አለ አለቃው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በይ፣ ስፒከሩ ሲናገር ለኪው።»

ቮልት መለኪያ ቴስተሯን ሰሌዳው ላይ ተክላ ስፒከሩን በረጅሙ አስነበበችው። አምስት ቮልት የነበረው ወደ አራት ወረደ። ቀጭኑ ገመድ ኃይሉን መንገድ ላይ እየበላው ነው። ለአጭር ቃል ቮልቱ ወዲያው ያገግማል፤ ቃሉ ሲረዝም ግን ያ አንድ ዘበኛ «ሌባ!» ብሎ አራቱንም በር ይዘጋል፤ ካሜራው ሲዘጋ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። አባቷ ከማንም ቀድሞ ደርሶበት ነበር። አእምሮው የሄደ የተባለው ሰው ስንት ፊደል እንደሚያልፍና ስንት ፊደል እንደሚቆረጥ ሞክሮ፣ ቆጥሮ፣ በልኩ ተናግሯል።

መጠገኑ አንድ ከሰዓት እንኳ አልፈጀም። ገመዱን ስንዝር ብቻ በሚረዝም ወፍራም ገመድ ለወጠች፤ ቻርጀሩን በማራዘሚያ አልጋው ሥር አመጣች፤ ስፒከሩ ጋ ኃይል የሚያጠራቅም ደህና ካፓሲተር በየደች፤ ዘበኛው በትንሽ በትልቁ እንዳይጮህም ማስጠንቀቂያ በሚሰጥበት እግሩ ላይ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር ጨመረች።

«አባባ፣ ተስተካክሏል። እንደ ልብህ አውራ። አይቆረጥም።»

ብዙ አያት። ከዚያ ጀመረ። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ወንድምየው ከሥራ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ጥቁሩ ሱፍ ይሰፋኛል» አለ ስፒከሩ፤ «ወንድምሽ ደግሞ ሲለካኝ መጋረጃ የሚሰቅል ነው የሚመስለው።»

ማንም አልሳቀም። ወንድምየው ቀስ ብሎ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ ቧንቧውን ከፍቶት ውሃው ብዙ ጊዜ ፈሰሰ።

በማግስቱ ሬዲዮ አንድ ሌላ ነገር ተናገረ። ዓይኑ ከትናንቱ ዘግይቷል፤ አንድ ፊደል ላይ ሲደርስ እንደ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ያርፋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቀችው።

«ብዙ ሳወራ ዕቃሽ ይበላሽብሽ ነበር። ወንድምሽ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው ያሳጠርኩት።»

«አንተ አይደለህም ያበላሸኸው፣ አባባ» አለች፣ እጁን ይዛ። «እኔ ነኝ። ገመዱ ነው።» የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

በሦስተኛው ቀን ወንድምየው ከሥራ ቀረ። ሁለቱም ወንበር ስበው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አባትየው ጠዋት መጻፍ ጀመረ።

«እናታችሁን መጀመሪያ ያየኋት ቀን አምስት ቁጥር አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ዘግይቶ ነበርና ሾፌሩም»

«ጀመረ» አለ ወንድምየው ፈገግ ብሎ። «እናታችን ጋ ሳይደርስ የሾፌሩን ዘር ይቆጥርልናል።»

ጠበቁ። ከመጨረሻዋ ፊደል አጠገብ ያለችው መስመር ብልጭ ትላለች፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ የለም። ሽፋሽፍቱ በግማሽ ወርዷል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ ቆሟል። ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል።

«አባባ፣ ሾፌሩስ?» አለች።

ፌርማታው ጋ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለ ወንድምየው።

ጎንበስ አለች። ቀይዋ መብራት አልበራችም። ቴስተሩን ተከለች፤ አምስት ቮልት፣ ፍንክች አይልም። የካሜራው መብራት በርቷል። የራሷን ፊት ካሜራው ፊት አድርጋ ሞከረች፤ ዓይኗን እየተከተለ ፊደል ለቀመላት። የጻፈችውን አጥፍታ የአባቷን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተወችው።

«ዕቃው ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው።»

«አየሁት እኮ።»

«ደግመሽ እዪው በናትሽ» አለ፤ ታላቋ ሳይሆን ታናሿ ይመስል ነበር።

ተንበረከከች። ቴስተሩን አንሥታ ከአንደኛው ቀዳዳ ጀመረች።