አንድም ሃያ ስምንት

የኔአለም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ መካነ ሰላም ወንድሟ ቤት ከገባች አራት ወሯ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንድሟን መሪጌታ ኪዳነ ማርያምን አንዲት ቀን እንኳ «ተሳስተዋል» ብላ አታውቅም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ጎልማሳው ደቀ መዝሙር ሳይቀር ፊታቸው ቀና ብሎ አይናገርም።

የዛሬው ጉዳይ ግን የልጃቸው የጸደንያ ነው። የአምስተኛ ክፍሏ ጸደንያ በሒሳብ ሁለት ጊዜ ዜሮ አምጥታለች። የነገውን ፈተና ካላለፈች፣ ለጥያቄና መልስ ውድድር አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ይቀመጥበታል። ዜሮው ደግሞ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ከአባቷ እርዳታ ነው።

«ውጤቱን ገምቱ፦ 3.9 × 7» ስትል ጸደንያ ከደብተሯ አነበበች።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ሃያ ሰባት ነጥብ ሦስት። ጻፊ!»

«አባባ፣ መምህር አሳምነው እኮ ገምቱ ነው ያሉን።»

«የሚታወቅ ነገር ምን ይገመታል? ዳዊት በግምት ይደገማል? ቀጥዪ!»

ጸደንያ አክስቷን አየቻት። አክስቷ የነጠላዋን ጥለት ማፍተልተል ይዛለች።

«19.8 × 6።»

«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት።»

የኔአለም ደነገጠች። ነጥቧ መንገድ ላይ ቀርታለች! ወንድሟን ማረም ግን አትደፍርም። ደግነቱ ልጅቷን መጠየቅ ነውር የለውም።

«ጸዲ፣ 19.8 ለየትኛው ሙሉ ቁጥር ይቀርባል?»

«ለሃያ።»

«ሃያ በስድስት ሲባዛስ?»

«መቶ ሃያ።» ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «ታዲያ አባባ፣ አንድ ሺውን ከየት አመጡት?»

መሪጌታ እርሳሱን ተቀብለው ወረቀት ላይ አባዙ። «መቶ አሥራ ስምንት ነጥብ ስምንት» አሉ ቀስ ብለው። ጥምጥማቸውን ያለ ምክንያት አስተካከሉ።

የኔአለም መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ እናንተስ አንዱን ቃል ‹አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው› እያላችሁ ትፈቱት የለ? 3.9ም… አንድም አራት ነው» አለች።

«አንቺ!» አሉ መሪጌታ። «ይህን ይዘሽ ነው አራት ወር ሙሉ ዝም ያልሽው?»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! «አንድም አራት በሰባት፣ ሃያ ስምንት፤ ከፍ አድርገነዋልና እውነቱ ጥቂት ያንሳል። 6.2 በ5፣ አንድም ሠላሳ፤ ዝቅ አድርገነዋልና እውነቱ ጥቂት ይበልጣል!» እራቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲሁ ሆነ።

ፈተናው ተመለሰ፤ ከአሥር ዘጠኝ። ከሥሩ በቀይ፣ «ግምቶቹ ልክ ናቸው። አንድ የተቀነሰው በየመልሱ ‹አንድም› ስለተጻፈ ነው። ለትርጓሜ ቦታ የለም» ይላል።

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግተው በጣታቸው ቆጠሩ። «ቦታ የለም? አምስት መስመር ባዶ ነው እኮ! ይህ ሰው ገምቶ ነው የጻፈው!» መቋሚያቸውን አንስተው መምህሩን ሊሞግቱ ወደ በሩ አመሩ።

«አባባ፣ በማርያም! መምህር አሳምነው ከተቆጡ ከሚኒባሱ ያስቀሩኛል!» ጸደንያ ልታለቅስ ደረሰች።

የኔአለም ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ተሳስተዋል» አለች። «ዘጠኝ እኮ አንድም አሥር ነው።»

መሪጌታ ቆመው አሰቡበት። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።