የመጨረሻዋ ምስክር

አታሚው የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ወንበሩን ወደ ሟቹ ሚስት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ አስጠጋ። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የጋሼ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ጎድሎታል። ያለሱ ደግሞ ገዳዩ አይታወቅም።"

"ገዳዩ" ሲል የሰሙ ሁለት ለቅሶ ደራሾች ዘወር አሉ። የልብስ ሰፊዋ ፊት ግን አልተለወጠም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ናት፤ ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ "አይዞሽ" ሲሏት "እሺ" ትላለች፣ ሲወጡ ትቀመጣለች። እንባ ጠብ አላለላትም። የባሏ እህት ጓዳ ሆና "ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ?" ስትል ሰምታለች። ይህም ቢሆን አላስለቀሳትም።

ባሏ ዕድሜውን የፈጀው በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። የሰው ቃል ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የወንጀል ልቦለድ ልጻፍ አለ። ልቦለዱ ተራኪ የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር የምስክሮች ቃል ነው።

"ማን ይህን ያነብልሃል?" አለችው ያኔ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። "እንደ ሰው ተረጋግተህ አትተርክም?"

"ተራኪ ካለ አንባቢው ተደላድሎ የነገሩትን ያምናል" አላት። "እዚህ ግን የሚያምነው ሰው የለውም። አንዱ ይዋሻል፣ አንዱ ይረሳል፣ አንዷ የተጠየቀችውን ትታ ስለ ጥርሷ ሕመም ታወራለች። ውሸታሙን ራሱ ፈልጎ ይያዝ! ጣዕሙ እኮ እዚያ ላይ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ምስክር ያደርጋት ጀመር። እሱ "እርስዎ" እያለ ይጠይቃል፣ እሷ እየሰፋች ትመልሳለች። ወሬኛዋን ጎረቤት የሆነች ዕለት ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። ሳታስበው ነገሩ ያዛት። ምሳ ላይ ሳይቀር "ሾፌሩ ውሸታም ነው፤ መኪናው ቆሞ ነበር ይላል፣ ጎረቤትየዋ ግን ሞተሩን ሰምታለች" ትለው ነበር። "እሷን ወሬኛ ማን ያምናታል?" ይላታል እየሳቀ። ቃሏን ያልሰጠችው በልቦለዱ የተገደለው ሰውዬ ሚስት ብቻ ነበረች። "እሷን ነገ" አላት። በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

"ለሌላ ደራሲ እንስጠው ይሆን?" አለ አታሚው ወንበሩን ይበልጥ አስጠግቶ።

"አይሆንም" አለች። ልጇን ጠራች። "ኮምፒዩተሩን አምጪ።"

"እማዬ፣ ዛሬ? ሰው ሁሉ ባለበት?"

"ዛሬ። አባትሽ እንደሚጠይቀኝ ጠይቂኝ።"

ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የዚያን ዕለት ጠዋት የመኪና ድምፅ ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር። ሾፌሩ ዋሽቷል።"

ገዳዩ የታወቀለት አታሚ ከመቀመጫው ብድግ ሊል ምንም አልቀረው።

"ባለቤትዎ ሲሞቱ እርስዎ የት ነበሩ?"

"ጓዳ። ሸሚዙን እተኩስ ነበር። የጠራኝ መስሎኝ 'አቤት' አልኩ። መልስ የለም። ስወጣ ወንበሩ ላይ ነው፣ መነጽሩ ደረቱ ላይ ወርዷል። እንቅልፍ የጣለው መስሎኝ፣ እንዳይበርደው ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። ሸሚዙ ትኩስ ነበር። ከዚያ እጁን ነካሁት።"

በልቦለዱ ውስጥ ሸሚዝ የሚባል ነገር የለም። የልጅቷ ጣቶች ግን አላቆሙም፤ ፊቷ በእንባ እየራሰ ሁሉንም ጻፈችው። የባሏ እህት ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

"የምስክሯ ማንነት ቀርቷል" አለች ልጅቷ ወደ ገጹ ራስ ተመልሳ። "ሥራ?"

"ልብስ ሰፊ።"

"የጋብቻ ሁኔታ?"

"ያገባች።"

የልጅቷ ጣት ፊደሉ ላይ ቀጥ አለ። እናትየው እጇን ሰደደች፤ የልጇን ጣት በጣቷ ይዛ ቀስ ብላ ተጫነችው።